የሞተ ሰው የነፍስ አባት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ድሬዳዋ ከዚራ ነኝ፣ እኔ ካቶሊክ ባሌ ኦርቶዶክስ። የካቶሊኩን ቅዱስ ፓድሬ ፒዮን እንደ አባቴ ነው የማያቸው፣ የጨነቀኝን ሁሉ ፎቷቸው ስር ቁጭ ብዬ ነው የምነግራቸው። በቀደም አማቴ «የነፍስ አባትሽ ማነው?» ሲሉኝ «ፓድሬ ፒዮ» ብዬ መለስኩ፣ «የሞተ ሰው ደሞ እንዴት ነው የሚያናዝዝሽ!» ብለው ሳቁብኝ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ የፓድሬ ፒዮ የመንፈስ ልጅ ለመሆን ጸሎቱን ለ12 ሰው ላኪ የሚል መጣልኝ፣ ልላክ ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ አማትሽ ግማሹን ልክ ናቸው። ኃጢአት የሚፈታው በሕይወት ያለ ቄስ ነው፣ ቅዱስ ያማልዳል እንጂ አያናዝዝም፣ ስለዚህ እንደዛ ሲጠይቁሽ የምትናዘዢበትን ቄስ ንገሪያቸው። በሌላው ግማሽ ግን ብዙ መሳቅ አይችሉም፣ ስንቷ የኦርቶዶክስ እናት ናት በየወሩ በ5 «አቦዬ፣ አባቴ» እያለች የምትዘክረው፣ አቦ መቼ አናዘዟት? ሁለቱ አባቶች አይጋጩም።

ፓድሬ ፒዮ ካፑቺን (የቅዱስ ፍራንቸስኮስን ሥርዓት የሚከተል መነኩሴ) ነበሩ፣ እኛ ሐረርጌዎች ደግሞ ለካፑቺን አዲስ አይደለንም (ሐረር ላይ የልጅ ተፈሪ አስተማሪ የነበሩት አባ እንድርያስም ካፑቺን ናቸው)። ሳን ጆቫኒ ሮቶንዶ በሚባል የጣሊያን ከተማ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያናዝዙ ነው፣ ንስሐ ሳይገባ ለወሬ የመጣውንማ ተቆጥተው ያባርሩት ነበር፣ እና የሳቸው ልጅ ነኝ እያሉ ኑዛዜ መሸሽ ትንሽ አይከብድም? በየሳምንቱ ተናዘዙ ይሉ ነበር ይባላል፣ የተዘጋ ክፍልም ቢሆን በሳምንቱ አቧራ ይይዛል ብለው። ድሬ ለሚኖር ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም መቼስ።

ደግሞ ታዛዥነታቸውን እይ። በፈረንጆቹ ከ1931 እስከ 1933 በሕዝብ ፊት እንዳይቀድሱ፣ እስከ 1934 ደግሞ እንዳያናዝዙ በቤተክርስቲያን ሲከለከሉ ዝም ብለው ታዘዙ፣ ተከታይ ሰብስበው አላመፁም። እኔ እንደሚመስለኝ ከተአምራቸው ይልቅ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰው ይሄንን ነው፣ ሰው ግን የሚያወራው እንደ ክርስቶስ ቁስል እጃቸው ላይ ስለነበረው ቁስል ብቻ ነው።

ፎቷቸው ስር ማውራትሽን አትተዪ፣ መቁጠሪያም ድገሚ፣ እሳቸው መቁጠሪያ ከእጃቸው አይለይም ነበር። ያረፉት በ1968 ሴፕቴምበር 23 ነው፣ በዓላቸውም የዛን ቀን ስለሆነ ከቻልሽ ቀደም ብለሽ ተናዘዢና ቅዳሴ ሂጂ። የቴሌግራሙን ግን ለ12ም ለአንድም ሰው አትላኪ፣ ዲሊት አርጊው።