ስለ ሞደሙ ጩኸት፦ ስፒከሩን እንዳትነቅለው

ወንድሜ፣ «ሊኑክስ ላይ በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያስገባኝ ሞደሜ ሲደውል ጆሮ ይበሳል፣ አልሳሚክሰር (የሊኑክስ የድምፅ መቆጣጠሪያ) ላይ ዜሮ ባደርገውም ወይ ፍንክች» ያልከውን ሳነብ የራሴ መከራ ትዝ አለኝ። እኔም በዚሁ ነው የተቃጠልኩት።

1ኛ፦ አልሳሚክሰርን ተወው። ያንተም እንደኔው በሲሪያል ገመድ የሚሰካ የውጭ ሞደም ነው ብዬ ነው የማወራህ። ስፒከሩ እዚያው ሞደሙ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ ከሳውንድ ካርዱ ጋር አይተዋወቁም። ይህን ሳላውቅ ሦስት ሌሊት ሙሉ የድምፅ ድራይቨር ስነቅልና ስተክል አድሬያለሁ። (የራሱ ስፒከር የሌለው የላፕቶፕ ሞደም ከሆነ ግን ድምፁ በሳውንድ ካርዱ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ አልሳሚክሰር ይጠቅምሃል።)

2ኛ፦ ሞደሙን በቀጥታ አናግረው። ሚኒኮም (ለሞደሙ ትእዛዝ የምትጽፍበት ፕሮግራም) ከፍተህ በላቲን ፊደል ኤቲ (AT) ብለህ ጻፍ፤ ኦኬ ካለህ ሞደሙ እየሰማህ ነው። ኤቲ ኤም0 (ATM0) ስፒከሩን ጭጭ ያሰኘዋል። ኤም1 መስመሩ እስኪያያዝ ያሰማህና ዝም ይላል። ኤም2 ጭራሽ አይዘጋም። የድምፁ መጠን ደግሞ ኤል (L) ነው፣ ከኤል0 እስከ ኤል3። አንዳንዱ ሞደም ኤልን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ኦኬ ይልሃል፣ ድምፁ ግን ያው ነው።

3ኛ፦ ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ኤቲ ኤም0 ብዬ፣ ኦኬ ብሎኝ፣ ሚኒኮምን ዘግቼ በደብሊውቪዳያል (wvdial፣ ሞደሙን እያስደወለ ኢንተርኔት የሚያገናኘው ፕሮግራም) ስደውል እሪ አለ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር፣ ስንት ለፍተን ያስተኛነው ልጅ ተነሣ። በማግስቱ የጠየቅኩት ባለሙያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሊኑክስህን አጥፋና ዊንዶውስ ጫን» አለኝ። ጥያቄዬን እኮ አልጨረስኩም ነበር! እስካሁን ያንገበግበኛል። በንዴት ማታውኑ ሞደሙን ፈታሁና የስፒከሩን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ቀዩንም ጥቁሩንም፣ ቆረጥኳቸው።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ከዚያ መገናኘት እምቢ አለ። ስክሪኑ ላይ የሚመጣው «ኖ ካሪየር» (መስመሩ አልተያያዘም እንደማለት) ብቻ ነው። ፓስወርድ ቀየርኩ፣ ገመድ ቀየርኩ፣ በመጨረሻ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫንኩት፤ ሌላ ቦታ ያላስቀመጥኩት ፋይል ሁሉ አብሮ ሄደ። ተስፋ ቆርጬ የስልክ ቀፎ ሰክቼ ሞደሙ የሚደውልበትን ቁጥር ስደውል የተቀዳ ድምፅ አነሣው፦ ቁጥሩ ተቀይሯል። ስፒከሩ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ሙከራ በጆሮዬ እሰማው ነበር።

የዚያን ሌሊት የጮኸበትን ምክንያት ያገኘሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደብሊውቪዳያል ከመደወሉ በፊት ኢኒት1 (Init1) በሚባለው የመነሻ ትእዛዝ መስመር ላይ ያለውን ኤቲ ዜድ (ATZ) ይልካል። ኤቲ ዜድ ሞደሙን ወደ ተቀመጠለት ቅንብር ይመልሰዋል፣ አንተ ያዘዝከው ኤም0 በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን የደብሊውቪዳያል ኮንፍ ፋይል (/etc/wvdial.conf) በሩት (በአስተዳዳሪው መለያ) ክፈትና ኢኒት2 ላይ ከኤቲ ቀጥሎ ኤም1 ኤል1 ጨምርበት። ከኤቲ ዜድ በፊት ካስገባኸው ልፋትህ ከንቱ ነው። በቻት ስክሪፕት (ለሞደሙ የሚላኩት ትእዛዞች በተራ በተጻፉበት ፋይል) የምትደውልም ከሆነ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ወይም ሚኒኮም ላይ ኤቲ ኤም1 ኤል1 &ደብሊው (&W፣ ቅንብሩን አስቀምጥ ማለት ነው) በለውና እዚያው ሞደሙ ላይ ይቀመጥ።

ሽቦዎቹን በገዛ እጄ መልሼ በየድኳቸው። አሁን በኤል1 ዝግ ብሎ ያንሾካሹካል፣ ሲያያዝ ዝም ይላል፣ ልጁም አይነሣም። አልሆን ካለህ የኢኒት መስመሮችህን እንዳሉ እዚህ ለጥፋቸው፣ አይልሃለሁ።