በዝዋይ ዳርቻ ያዩዋቸው «ሁለት» ወፎች አንድ ሳይሆኑ አይቀሩም

ከዝዋይ የጻፉልን ጠያቂ ችግራቸው ይህ ነው። በጥር ወር ጠዋት ጠዋት ከጀልባ መነሻው ሆነው ጭቃው ላይ አብረው የሚለቅሙ ቡናማ ወፎች ያያሉ። ትልቁን እግሩ አረንጓዴ ስለመሰላቸው ግሪንሻንክ፣ ትንሹን ዉድ ሳንድፓይፐር ብለው መዝግበዋል፤ ሁለቱም ግን ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አልገጥም አሏቸው። ባይኖኩላራቸው (አቅርቦ የሚያሳየው ባለ ሁለት ቱቦ መነጽር) የሌንሱ ፊት ቀይ የሆነ 20 በ50 ነው፤ ማለትም 20 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት ሌንሱም ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው። ወድቆ ተጠግኗል፤ ከጥገናው ወዲህ ምስሉ ድርብ እየሆነ ራሳቸውን ያማቸዋል።

ወፎቹ በአንድ መንጋ ሲለቅሙ ላባቸው ተመሳሳይ ሆኖ መጠናቸው ብቻ የሚለያይ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራፍ የተባለውን የውኃ ዳር ወፍ ነው። ትልቁ ወንዱ ነው፣ ከ26 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር፤ ትንሿ ሴቷ ናት፣ ከ20 እስከ 25። አንገቱ ላይ እንደ ጎፈር የቆመ ላባ ያለው የመጽሐፉ ሥዕል የሚያሳየው ወንዱን በመራቢያ ወቅቱ፣ በሰሜን አውሮፓና በሳይቤሪያ ሳለ ነው። እኛ ዘንድ ሲከርም ያ ላባ የለም። ስለዚህ ሥዕሉ አለመግጠሙ አያስገርምም።

የእግሩን ቀለም ያበላሸው ሌንሱ ይመስለኛል፤ ነገሩ ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ሰፋ አድርጌ ልናገር። ብርሃን መስታወት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ይመለሳል። ጥሩ ሌንስ ላይ የሚቀባው ስስ ሽፋን ይህን ብክነት ይቀንሳል፤ ፊቱን ሲያዩት ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ነጸብራቅ ብቻ ያሳያል። የእርስዎ ዓይነቱ እንደ መስታወት ቀይ የሚያበራው ግን ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየወረወረ ነው። ሌንሱ ፊት ላይ የሚያዩት ቀይ፣ ወደ ዓይንዎ መግባት ሲገባው ያልገባው ቀይ ነው። ብርቱካናማ ማለት ደግሞ ቀይና ቢጫ አንድ ላይ ነው። ቀዩ ከተቀነሰ የአዋቂው ራፍ ብርቱካናማ እግር ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፤ ሬድሻንክ የተባለው ወፍ ቀይ እግርም ጠቁሮ ይታያል። ለመፈተን ብርቱካናማ ፌስታል አጥር ላይ አስረው ሠላሳ እርምጃ ይራቁ። አንዴ በባዶ ዓይን፣ አንዴ በባይኖኩላሩ ይዩት። ከጎኑ ነጭ ወረቀት ቢሰቅሉ ወረቀቱ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሲሸሽ ያዩታል። ይህ ቀይ ሽፋን ለሻጭ ማማለያ እንጂ ለወፍ ማያ የሚሆን ዕቃ አይደለም፤ ዛሬም በየሱቁ መደርደሩ ያናድደኛል። ሌንሱ ጥሩ ቢሆንም እግር ብቻውን አይበቃም፣ ወጣት ራፍ በእርግጥም አረንጓዴ ቀመስ እግር አለውና።

ድርብ ምስሉን ደግሞ እንዲህ ይለዩ። ከ200 ሜትር በላይ የራቀ የቤት ጣሪያ ጠርዝ ላይ ያነጣጥሩ። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ጥርት አድርጎ ካየ፣ በሁለቱ ሲያዩ ግን ጣሪያው ሁለት ከሆነ፣ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ቦታ አይመለከቱም ማለት ነው። ውስጥ ያለው ፕሪዝም፣ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስታወት፣ ተዛንፏል። አንዱ ጣሪያ ከሌላው ከፍ ብሎ ከታየ ይብሳል፤ ዓይን የጎን መዛነፍን ትንሽ ይችላል፣ የላይና የታችን ግን አይችልም። ራስ ምታቱም ከዚያ ነው። ጠጋኙ ቪቶቹን በሱፐር ግሉ ደፍኗቸው ከሆነ በካቻቢቴ አይታገሉ፣ ፕሪዝሙ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሱፐር ግሉ የባይኖኩላር መጠገኛ አይደለም! ካልተደፈኑ ቱቦውን ከሸፈነው ጎማ ሥር ካሉት ትንንሽ ቪቶች አንዱን በስምንተኛ ዙር ብቻ ያዙሩ፣ ጣሪያውን መልሰው ይዩ፣ ከባሰ ወደ ነበረበት ይመልሱ። ቪቶቹ ከተደፈኑ ወይም ማዞሩ ካልረዳ አንዱን ቱቦ ሸፍነው በአንዱ ብቻ ይዩ፤ ድርብ ከሚያይ ሁለት ቱቦ አንድ ደህና ቱቦ ይሻላል።

ሲገዙ 8 በ42 ይግዙ። 20 እጥፍ የሚያጎላ በእጅ ከተያዘ የልብ ትርታዎ እንኳ ያንቀጠቅጠዋል፤ 50ን ለ20 ሲያካፍሉ ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ በ8 በ42 ግን ከ5 ይበልጣል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። ከተማው ከሐይቁ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ከጀልባ መነሻው ሲያዩ ፀሐይ ፊት ለፊትዎ ናት። በባይኖኩላር ፀሐይን ለቅጽበት እንኳ አይዩ። የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ሕመም ስለማይሰማው ጉዳቱ ሲደርስ አያውቁትም። ለወፉም ቢሆን ጠዋት ጥላ እንጂ ቀለም አያሳይም። ከ10 ሰዓት በኋላ ይሂዱ፤ ፀሐይ ከጀርባዎ ትሆናለች።

ሲደርሱ መለኪያ ይፈልጉ። ጥቁር ቆብ የደፋች፣ ጉንጯ ነጭ የሆነች ስፐር ዊንግድ ፕሎቨር ዳርቻው ላይ አትጠፋም። ሴቷ ራፍ ከእሷ ታንሳለች፣ ወንዱ ይስተካከላታል ወይም ይበልጣታል። ቀጥሎ ማንቁሩ። የራፍ አጭርና ጫፉ ትንሽ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ የግሪንሻንክ ረጅም፣ ሥሩ ወፍራም፣ ወደ ላይ የቀና። የራፍ ራስ ለሰውነቱ ትንሽ ነው፣ አንገቱ ረዘም ይላል፣ የጀርባው ላባ ጠርዙ ፈዘዝ ብሎ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ዉድ ሳንድፓይፐር ግን ጀርባዋ ነጠብጣብ ነው፣ ከዓይኗ በላይ ነጭ ቅንድብ አላት፣ ኋላዋን ትነቀንቃለች፣ ስትነሣም ትጮኻለች። ራፍ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ነው የሚነሣው።

ጥርጣሬ ከቀረዎ መንጋው እስኪነሣ ይጠብቁ። ራፍ ከጅራቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሞላላ ነጭ ምልክት ያሳያል፤ የዉድ ሳንድፓይፐር ነጩ አንድ ወጥ ነው፣ የግሪንሻንክ ደግሞ እንደ ሹል ጦር ጀርባው ላይ ይወጣል። መንጋውን በባይኖኩላር ሲከተሉ ወደ ፀሐይ ከዞረ ወዲያው ከዓይንዎ ያውርዱት፤ ወፎቹ ዞረው ተመልሰው ያርፋሉ።