መልስ፦ እንግሊዝ ከአውሮፓ ህብረት የወጣችበት ሪፈረንደም ዲሞክራሲያዊ ነው ወይ?

ወንድሜ "52 ፐርሰንቱ 48ቱን ጎትቶ ካስወጣ ምኑን ዲሞክራሲ ሆነ" ላልከው፣ እኔ ድምፅ አሰጣጡ ዲሞክራሲያዊ ነበር ባይ ነኝ። በፈረንጆቹ 2016 ከመራጩ 72 ፐርሰንቱ ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል፣ ከዛ በፊት በነበረው ዓመት ካደረጉት ምርጫ እንኳን ይበልጣል። ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው፣ እንቆይ ወይስ እንውጣ ብቻ፣ ወጥተን ወዴት የሚል ነገር የለውም። እዚህ ቱሉ ዲምቱ የኛ ብሎክ ኮሚቴ ጥበቃው ይቀየር ብሎ እጅ አስወጥቶን በማን ይተካ የሚለው ላይ ስንጨቃጨቅ ወራት እንደሄደው በለው፣ እንግሊዞቹም እስከወጡበት ጃንዋሪ 2020 ሲናቆሩ ከረሙ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይም በዚሁ ጦስ ወረደች። ደግሞ የአገሪቱ አንድ ክፍል የሆነችው ስኮትላንድ 62 ፐርሰንቱ እንቆይ ብሎ አብሮ ወጣ፣ ይሄኛው ለኔም ይከብደኛል።

የኛ ህገ መንግስት ስለ መገንጠል የሚያወራው አንቀፅ 39 (ስሙን ስጠራ የሚናደድ እንዳለ አውቃለሁ) ቢያንስ መጀመሪያ የብሄሩ ምክር ቤት በሁለት ሶስተኛ ድምፅ ያፅድቀው፣ ከዛ በ3 ዓመት ውስጥ ሪፈረንደም ይደረግ ይላል፣ ማሰቢያ ጊዜ አለው። ሪፈረንደሙ ራሱ ግን እንደነሱው በአብላጫ ድምፅ ነው የሚያልቀው፣ እና 52 አነሰ ካልክ ስንት ይበቃል? ለመቆየትስ ያንኑ ያህል ትጠይቃለህ?