የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባትሪው ሞልቶ ቁልቁለት ሲገጥም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በኤሌክትሪክ አውቶቡስ እሠራለሁ። ከሰዓት በኋላ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሣ መኪናው ራሱን ይይዛል። ጠዋት፣ ሌሊቱን ቻርጅ አድርጌ በ100 ፐርሰንት ስነሣ ግን ቁልቁለቱ ላይ ይንደረደራል። ፍሬኑ ተበላሽቶ ይሆን? (ሾፌር፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ከፍሬኑ በፊት የባትሪውን መሙላት ይጠርጥሩ። እግርዎን ሲያነሡ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ይሠራል፤ የመኪናውን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ወደ ባትሪው ይመልሳል። የሚይዝዎት እሱ ነው። የሞላ ባትሪ ግን መቀበያ የለውም፤ ቢጨመርበት የሴሎቹ (ባትሪው የተሠራባቸው ትናንሽ ክፍሎች) ቮልቴጅ ከልክ ስለሚያልፍ መቆጣጠሪያው ወደ ባትሪው የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል ወይም ይዘጋል። የጠዋቱ ብርድም ያባብሰዋል፤ የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ቶሎ አይሞላም።

ሒሳቡን እንየው። 16 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 4.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል፤ 300 ሜትር ከሆነ 13 ይደርሳል። ከዚህ ላይ አየሩ፣ ጎማውና ሞተሩ የሚወስዱት አለ። ባትሪዎ 250 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን፣ 10 ፐርሰንቱ 25 ነው፤ የወረደው ሁሉ ተመልሶ ቢገባ እንኳ ይበቃዋል። ስለዚህ ቻርጁን 90 ላይ ያቁሙት። ሙሉ በሙሉ መሙላት ግን ጭራሽ አይቅር፤ ሴሎቹ እንዲመጣጠኑና የፐርሰንቱ ንባብ እንዳይሳሳት አልፎ አልፎ ያስፈልጋል። የዚያን ዕለት ቁልቁለቱ ከመድረሱ በፊት ብዙ በሚነዱበት ጉዞ ይጀምሩ።

ሞልቶ ካገኙት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነትዎን ይቀንሱ። ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ይርገጡ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ይልቀቁ፤ ደጋግሞ በስሱ መርገጥ የፍሬኑን ሸራ ያግለዋል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። የሚቃጠል ሽታ ከመጣ ዳር ይዘው ያቀዝቅዙት። በኒውትራል መውረድ በምንም መንገድ አይቻልም፤ የሞተሩ መያዝ ያን ጊዜ ዜሮ ነው። ባትሪው 80 ሆኖም፣ ከብርድ ከወጣ በኋላም የማይይዝ ከሆነ ግን ወደ ጋራዥ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን መብራት እያለ ቀላል ባቡሩ ለምን ይቆማል? (ከአያት)

መልስ፦ የሰፈርዎ ትራንስፎርመርና የባቡሩ መስመር ይለያያሉ። ባቡሩ በራሱ ማከፋፈያ ጣቢያዎች የተቀየረ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከራሱ በላይ ካለው ሽቦ ይወስዳል፤ መመለሻው ሐዲዱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ፣ እንደ አውቶቡሱ የሚጎትተው ባትሪ ስለሌለው ባለበት ይቆማል።