ከ76ቱ ጎሎች በኋላ

ውድ ልጆቼ፣

በስፖርት ጋዜጠኝነት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወጣት ስፖርተኞች ሲያገኙኝ “እንዴት ልታወቅ?” ይሉኛል። “እንዴት ልቆይ?” የሚለኝ ግን ጥቂት ነው። እስቲ ዛሬ ስለ ፊንላንዳዊው የአይስ ሆኪ ተጫዋች ስለ ቴሙ ሴላኔ ላጫውታችሁ። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ የእኛን ገና በበረዶ ላይ፣ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ሲጫወቱት አስቡት። ግጭቱ ግን ይብሳል። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች ነው የምቆጥረው።

የሰሜን አሜሪካ ሊግ ክለብ የሆነው የካናዳው ዊኒፔግ ጄትስ ቴሙን ለቡድኑ የመረጠው በ1988 ነው። ገና 18 ዓመት አልሞላውም። እሱ ግን ወዲያው አልበረረም። አገሩ ቀረ፣ እግሩ ተሰበረ፣ ዳነ፣ በ1992 ከሄልሲንኪው ዮኬሪት ጋር የፊንላንድን ዋንጫ አነሳ። በዚያ ዘመን መዋለ ሕፃናት ውስጥም ያስተምር ነበር። ይቺን ነገር በጣም እወድለታለሁ።

ከዚያ ወደ ዊኒፔግ ሄደ። በመጀመሪያ ዓመቱ 76 ጎል! የአዲስ ገቢዎች ክብረ ወሰን 53 ነበር። እሱን በሰበረበት ምሽት ጓንቱን ወደ ላይ ወርውሮ፣ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ደግኖ “ተኮሰበት”። ዊኒፔግ አበደች። እስካሁን ያን ቁጥር የደረሰበት አዲስ ገቢ የለም። በ1996 ወደ አሜሪካው ክለብ አናሃይም ተዛወረ። በ2011 በተጋጣሚ ማሊያ ወደ ዊኒፔግ ሲመለስም ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

እኔ ግን እንድታስተውሉልኝ የምፈልገው 2004ን ነው። ጉልበቱ ተበላሽቷል። በሌላው የአሜሪካ ክለብ በኮሎራዶ፣ በ78 ጨዋታ ያገባው 16 ጎል ብቻ ነው። ዕድሜው 33። እንዲህ ያለውን ሰው “አለቀለት” ለማለት እኛ ጋዜጠኞች አንቸኩልም አይባልም።

በቀጣዩ ዓመት ሊጉ በክለቦችና በተጫዋቾች የገንዘብ ውዝግብ ጭራሽ ሳይካሄድ ቀረ። ብዙዎች አውሮፓ ሄደው ተጫወቱ። ቴሙ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አስደርጎ ሲያገግም ከረመ። በ2005 ወደ አናሃይም የተመለሰው በአንድ ዓመት ውል ነው። ያን ያህል ስም ያለው ሰው በአንድ ዓመት ውል! አልተኮፈሰም፣ ፈረመ። 40 ጎል አገባ። በቀጣዩ ዓመት 48። በ2007፣ በ36 ዓመቱ፣ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ እንባው እየወረደ አነሳ። በ2014 ደግሞ ፊንላንድ በሶቺ ኦሎምፒክ ነሐስ ስታገኝ፣ የ43 ዓመቱ ቴሙ የውድድሩ ኮከብ ተባለ።

አያችሁ፣ ያ የዕረፍት ዓመት ባይኖር ዋንጫውም አይኖርም ነበር። ከእናንተ መካከል ሕመሙን ከአሰልጣኙ ደብቆ፣ ማስታገሻ እየዋጠ የሚጫወት አለ። እንዳለ አውቃለሁ። የቅዳሜን ጨዋታ ሳትጠብቅ ሐኪም ጋ ሂድ። ለአሰልጣኝህም ዛሬውኑ ንገረው፤ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቢያስቀምጥህ ተቀመጥ።