የነጣ ኮራል ሁሉ አልሞተም

ስለ ኮራልና ስለ ባሕር መሞቅ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የተወሰኑትን ዛሬ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በቴሌቪዥን ነጭ የሆነ ኮራል አየሁ። ሞቷል ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

ገና ነው። ኮራል እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ሥጋቸው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች አሉ። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራና አብዛኛውን ለኮራሉ ይሰጣል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ሥራ ይዛባል፤ አልጌው ኮራሉን የሚመርዝ የኦክስጅን ዓይነት ማመንጨት ይጀምራል። ያኔ ኮራሉ አልጌውን ከሰውነቱ ያስወጣዋል። ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። ሥጋው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥር ያለው የኖራ አጽም ይታያል። ያዩት ነጭ እሱ ነው።

ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ይመለሳል። ሙቀቱ ከቆየ ግን ኮራሉ በረሃብ ያልቃል። ለመንጣት ብዙ ሙቀት አያስፈልግም፤ ቦታው ከለመደው ከፍተኛ የበጋ ሙቀት 1 ዲግሪ ጨምሮ አንድ ወር ገደማ ከዘለቀ ይበቃል።

ኮራል ሙቀት የሚችል አልጌ መያዝ ይችላል ይባላል። ታዲያ ምን ያስጨንቀናል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ዋጋ አለው። ብዙ ኮራሎች ከአንድ በላይ የአልጌ ዓይነት ይይዛሉ። ከነዚህ አንዱ ዱሩስዲኒየም ይባላል። በደህናው ጊዜ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከሙቀት በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ቦታውን ይይዛል። በአውስትራሊያ በአንድ የኮራል ዝርያ ላይ እንደታየው፣ ይህ ለውጥ ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ የሚደርስ ተጨማሪ አቅም ይሰጣል። ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ይህ አልጌ ለኮራሉ የሚያካፍለው ምግብ ያነሰ መሆኑ ነው፤ ኮራሉ ይተርፋል፣ እድገቱ ግን ይዘገያል። ውሃው ሲቀዘቅዝም ብዙ ጊዜ የድሮው አልጌ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ መቀየር የማይችሉ ኮራሎችም ሞልተዋል።

ሳይንቲስቶች እያገዙ ነው። እዚያው አውስትራሊያ አልጌን በላቦራቶሪ ለ4 ዓመት በሙቅ ውሃ አሳድገው ለኮራል እጮች ሰጡ፤ አንዳንዶቹ አልጌዎች እጮቹን ሙቀት እንዲችሉ አደረጓቸው። ደስ ይላል። ግን ታላቁን የባሪየር ሪፍ፣ የአውስትራሊያን ግዙፍ የኮራል ክምችት፣ ይመልከቱ፤ በ2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024 እና 2025 በሰፊው ነጥቷል። ክፉኛ የተጎዳ ሪፍ ለማገገም 10 ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ፋታው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኗል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። አልጌው ጊዜ ይገዛል፤ ጊዜውን የምንበላው እኛ ነን፣ በምናቃጥለው ነዳጅ።

እዚህ ባሕሩ በበጋ እንደ ሻወር ውሃ ይሞቃል። ኮራሉ እንዴት ይኖራል? (ከአቡ ዳቢ)

የባሕረ ሰላጤው ኮራሎች በበጋ 34 እና 35 ዲግሪ ይችላሉ፤ ሌላ ቦታ ይህ ይገድላል። እዚያ በብዛት የሚገኘው አልጌ በ2015 ተለይቶ ሙቀት ወዳድ የሚል ስም የተሰጠው ነው። ቢሆንም ኑሯቸው ጫፍ ላይ ነው። የ2017ቱ በጋ ሲከርባቸው እነሱም በብዛት አልቀዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኮራል አለ? (ከባሕር ዳር)

ሕይወት ያለው የለም፤ ሪፍ የሚሠሩት ኮራሎች ጨዋማ የባሕር ውሃ ይፈልጋሉ። የሞተ ግን አለ! የአፋሩ ዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ውሃው ደርቆ ሲሄድ ሪፉ እዚያው ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ዛሬም በረሃው ዳር ቅርንጫፉን እንደያዘ ይታያል።

በቀይ ባሕር ሰሜን ጫፍ ያለው የኤላት ኮራል ሙቀት አይነካውም ይባላል። ልጆቼን ይዤ ስዋኝ ምን ልጠንቀቅ? (ከአሽዶድ)

አይነካውም ማለት ይከብዳል፤ ከሌላው የተሻለ ይችላል ነው። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ይህ ነው፦ ከመጨረሻው የበረዶ ዘመን በኋላ ኮራሎቹ ወደ ሰሜን የገቡት በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ በሞቃቱ ደቡባዊ ቀይ ባሕር አልፈው ነው። ሙቀቱን ያልቻለው መንገድ ላይ ቀረ። የደረሱት ኤላትና አቃባ ላይ ከሚፈልጉት የቀዘቀዘ ውሃ አገኙ፤ ስለዚህ ገና ትርፍ አቅም አላቸው።

ይህን አቅም ፍሳሽ ይሸረሽረዋል። ናይትሮጅን የበዛበት ውሃ ኮራልን በትንሽ ሙቀት እንዲነጣ ያደርገዋል። እናንተ ደግሞ ልጆቹ ኮራል ላይ እንዳይቆሙ አደራ፤ አንድ እርግጫ የዓመታት እድገት ይሰብራል። ለፀሐይ ከክሬም ይልቅ ረጅም እጅጌ ያለው የመዋኛ ልብስ አልብሷቸው። ክሬም የግድ ከሆነ ኦክሲቤንዞን የሌለበትን ምረጡ።