ጌሙ መኪናውን ይምሰል፣ ሰዓቱን ግን አይምሰል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መሪና ፔዳል ገዝተህ አሜሪካን ትራክ ሲሙሌተር የሚባለውን የከባድ መኪና መንዳት የኮምፒውተር ጌም ጀምረሃል። ሴቲንጉን ሁሉ እንደ እውነተኛው ላድርገው ወይስ ላቅልለው፣ ለሲዲኤልስ (ለአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ይጠቅመኛል ወይ ነው ያልከው። እኔ የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር ነው። ሳምንቱን ተሳቢ እነዳለሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ ያንኑ ጌም እከፍታለሁ። ሚስቴ "ከመኪና ወርደህ መኪና ላይ" እያለች ትስቅብኛለች።

የኔ መልስ፦ ክብደቱንና እይታውን እውነተኛ አድርገው። ሰዓቱን ተወው።

ከሰዓቱ ልጀምር፣ እሱ ቀላል ነው። የጌሙ ካርታ ከእውነተኛው 20 እጥፍ ያጠረ ነው። በ2016 ሲወጣ እንዲያውም 35 እጥፍ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሠሪዎቹ አሰፉት። ከዴንቨር ግራንድ ጀንክሽን 240 ማይል ገደማ ነው፣ አራት ሰዓት ያህል ያስነዳል። ጌሙ ላይ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብህ ነው። "ይሄማ ሲሙሌተር አይባልም" የሚሉ አሉ። እነሱን ደዘርት በስ የሚባለው ላይ ማስቀመጥ ነው። ፔን እና ቴለር የተባሉት አሜሪካውያን አስማተኞች በ1990ዎቹ አጋማሽ ለቀልድ ያሠሩት ጌም ነው። ከቱሳን ላስ ቬጋስ ባዶ አውቶቡስ ትነዳለህ። ፍጥነቱ ከ45 ማይል አያልፍም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ነው፣ ፓውዝ የሚባል ነገር የለም። አውቶቡሱ ትንሽ ትንሽ ወደ ቀኝ ስለሚጎትት መሪውን ለቀህ ሻይ ማፍላት አትችልም። ስትደርስ አንድ ነጥብ ይሰጥሃል። አንድ! እኔ ያንን ኑሮ በደሞዝ እየኖርኩት ነው፣ በነጻ አልጫወተውም።

ሴቲንጉ ውስጥ ድካም የሚለውን ግን አታጥፋው። ሕጉ 11 ሰዓት ከነዳህ 10 ሰዓት እረፍ ይልሃል። ዛሬ የት ነው የማድረው ብለህ ቀድመህ ካላሰብክ ማታ ላይ ፓርኪንግ አታገኝም። ጌሙም በትንሹ እሱን ያስለምድሃል።

አሁን ወደ ክብደቱ። ከሥራ በፊት ከመቶ ሰዓት በላይ ተጫውቼ ነበር፤ አውቀዋለሁ ብዬ ነው የገባሁት። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ተራራውን በሚያቋርጠው አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ የአይዘንሃወር ዋሻ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በምዕራብ በኩል ስትወጣ መንገዱ እስከ ሲልቨርቶርን ከተማ ድረስ ቁልቁል ነው፣ አንዳንድ ቦታ 7 በመቶ ይደርሳል። ፍሬን ለከዳው መኪና ተብሎ ዳር ላይ ማምለጫ አቀበት ተሠርቶለታል። ጌሙ ላይ ይህንን መንገድ በእግር ፍሬን ብቻ ወርጄ አውቃለሁ። ምንም አልሆንኩም።

በእውነተኛው የመጀመሪያ ጊዜ 43,000 ፓውንድ የታሸገ ውሃ ጭኛለሁ። አሠልጣኜ ጎኔ ተቀምጧል። ከዋሻው እንደወጣን ከኋላ የሆነ ነገር ገፋኝ። ሰው ትከሻህን እንደሚገፋህ ነው፣ አያቆምም። ረገጥኩ። ለቀቅኩ። ደግሜ ረገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። አሠልጣኙ አልጮኸብኝም፤ ጣቱን ወደ ማርሹ ብቻ ጠቆመኝ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየዋለሁ፣ የኔ እግር አይመስልም ነበር። ከታች ስንቆም ትዝ ያለኝ አጎቴ ነው። በደርግ ጊዜ ፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሲወርድ ገና አናቱ ላይ ማርሹን ይቀንሳል፤ "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" ይል ነበር። ልጅ ሆኜ የሰማሁትን ጌሙ አስረስቶኛል ማለት ነው።

ስለዚህ ሴቲንግ ውስጥ የተሳቢው መረጋጋት የሚለውን ዝቅ አድርገው። ከተገለበጥክ ተገልበጥ፣ እዚያ ርካሽ ነው። የሞተር ፍሬኑን ለእጅህ ቅርብ የሆነ በተን ላይ አስቀምጥ። መሪህንም እንዳታሳጥረው። የኔ ሎጂቴክ ጂ29 ከጫፍ ጫፍ 900 ዲግሪ፣ ማለትም ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል። የከባድ መኪና መሪ ከዚያም በላይ ነው። አንዳንዱ ቶሎ ይታጠፍልኝ ብሎ 270 ላይ ያደርገዋል፤ እሱ የሩጫ መኪና ነው የሚነዳው።

ከሁሉም በላይ የውጭ ካሜራውን እርሳው። ጭነት ስታደርስ አቁሞ ማስረከቡን ዝለለው ወይስ ከባዱን ምረጥ ይልሃል። ከባዱን ምረጥና በስፖኪዮ ብቻ ወደ ኋላ ግባ። ፈተና ላይ በእውነት የጠቀመኝ ይሄ ብቻ ነው። ተሳቢው ወደ ግራ እንዲሄድ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ጭንቅላት በቀላሉ አይቀበለውም፤ ጌሙ ላይ ሺህ ጊዜ ስትሳሳት ግን እጅህ ይለምደዋል። ጠቦህ ከተጨነቅህ ቁምና ከውጭ እይ፣ ከዚያ ተመለስ። በእውነተኛውም ወርደህ ታያለህ፣ አያሳፍርም።

ለጌሙ 18 ማርሽ ያለውን ካምቢዮ ልግዛ ላልከው፦ አትግዛ። አሁን የሚሰጡህ መኪኖች አብዛኞቹ አውቶማቲክ ናቸው። ፈተናውን በአውቶማቲክ ከወሰድክ ፈቃድህ ላይ ማንዋል እንዳትነዳ ይጻፍብሃል እንጂ ሥራ አያሳጣህም። ብሩን ለፈተናው አስቀምጠው። ከመነሳትህ በፊት መኪናውን ዞረህ መፈተሽን ደግሞ ከጌሙ አትጠብቅ፣ ለሱ እውነተኛ መኪና ሥር መጎንበስ አለብህ።

የጌሙ ሠሪዎች አንድ ነገር ብቻ እንዳይጨምሩብኝ እጸልያለሁ፦ የበረዶ ሰንሰለት። እዚህ ኮሎራዶ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በአይ-70 ተራራማው ክፍል የሚያልፍ ከባድ መኪና ሰንሰለት ይዞ መሄድ ግዴታው ነው። በረዶ ላይ ተንበርክኬ፣ ጣቴ ደንዝዞ፣ ጎማ ላይ ሰንሰለት ስጎትት የማድረውን ነገር ቤቴ ሶፋ ላይ ካመጡብኝ ጌሙን አጠፋዋለሁ።

አሁን ሶልት ሌክ ልሄድ ነው። እሁድ ስመለስ የኔን ሴቲንግ ፎቶ አንስቼ እለጥፍልሃለሁ።